ስካመል ፓዮኒርን በ1፡35 መገጣጠም፦ ከሻንሲው እስከ ገመዱ

ልጅ ሆኜ ከደጀን ወርደን ወደ ጎሃ ጽዮን ስንወጣ መንገድ ተዘግቶብን ቆምን። አንድ ኤንትሬ እህል እንደጫነ ከመንገድ ወጥቶ ተንጋዶ ነበር። ጎታች መኪና መጣና ገመዱን ዘረጋ። ረዳቱ ታኮ ይዞ ሮጠና ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀው። ገመዱ ሲወጠር ያ ሁሉ የቆመ ሰው ፀጥ አለ።

ዛሬ የጎታች መኪና ሞዴል ስገጣጥም የምፈልገው ያንን ነው። ገመዱ እንደተወጠረ፣ መኪናው እንደከበደ፣ ጎማው መሬቱን እንደነከሰ መታየት አለበት። ብዙ ሰው ሞዴል ሲሠራ ሐሳቡ ሁሉ ቀለሙ ላይ ነው። ጎታች መኪና ግን በቀለም ብቻ አይድንም። ሻንሲው (መኪናው ሁሉ የሚያርፍበት አጽም) ከተጣመመና ገመዱ ከላላ ነገሩ ሁሉ ፉርሽ ይሆናል። ስለዚህ ይህን መመሪያ ስጽፍ ጊዜዬን የማጠፋው እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

የመረጥኩት መኪና ስካመል ፓዮኒር ኤስቪ2ኤስ ነው። እንግሊዝ አገር ዋትፎርድ ውስጥ የተሠራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር የተበላሸ ታንክና ካሚዮን የሚያነሳበት ከባድ ጎታች ነው። ፓዮኒር መጀመሪያ የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። የታሰበውም ለጦርነት ሳይሆን ለነዳጅ ጉድጓድና ለጫካ ሥራ፣ መንገድ ለሌለበት አገር ነበር። ሞተሩ ጋርድነር 6ኤልደብልዩ የሚባል ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ ጉልበቱ 102 የፈረስ ጉልበት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይደርስም። ግን የሚይዘውን አይለቅም።

ኪቱን፣ ማለትም ያልተገጣጠሙትን የሞዴሉን የፕላስቲክ ክፍሎች የያዘውን ሳጥን፣ በ1፡35 (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ባነሰ መጠን) ተንደር ሞዴል የተባለ የቻይና ኩባንያና አይቢጂ የተባለ የፖላንድ ኩባንያ አውጥተውታል። እውነተኛው መኪና ከ6 ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ሞዴሉ 18 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። ሌላ ከባድ ጎታች ብትመርጡም፣ ለምሳሌ የአሜሪካኑን ዳይመንድ ቲ፣ አሠራሩ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ኪቱን ከውጭ በሚመጣ ሰው የምታስልኩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የፕላስቲክ ሙጫና በቲነር የሚቀጥን ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆኑ አውሮፕላን ላይ አይፈቀዱም። ሰው አታስቸግሩ። አልኮል የሌለበት፣ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ግን ችግር የለበትም።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ስለታም ምላጭ፣ ጥሩ የጥፍር መቁረጫ፣ ቀጭን ወረንጦ፣ ከ400 እስከ 1000 ቁጥር ያለው የብርጭቆ ወረቀት፣ ስቴኪኒ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ቀጭን ፈሳሽ የፕላስቲክ ሙጫ እና ሱፐር ግሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ የማልለየው አንድ ነገር አለ፤ ከአሮጌ የፎቶ ፍሬም የወጣ ጠፍጣፋ መስታወት። ዋጋው ምንም ነው፤ ሥራው ግን እንደ ጋራዥ ወለል ነው። ዳሩን በፕላስተር ሸፍኑት፣ እጅ እንዳይቆርጥ።

ሳጥኑን ስትከፍቱ ወዲያው መቁረጥ አትጀምሩ። ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡባቸውን የፕላስቲክ ፍሬሞች ለብ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡና በራሳቸው ይድረቁ። ከፋብሪካ የሚመጣው ቅባት ቀለም አያስይዝም። ከዚያ የመመሪያውን ቡክሌት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። ኩባንያው የሚሰጠው ቅደም ተከተል ለመገጣጠም ይመች ይሆናል፤ ለመቀባት ግን ሁልጊዜ አይመችም። እኔ በእርሳስ አምስት ቦታ እከፍለዋለሁ፦ ሻንሲና ሞተር፣ ጎማዎች፣ ጋቢና፣ የኋላ አካል፣ ክሬን። እነዚህ ለየብቻ ተሠርተው፣ ለየብቻ ተቀብተው መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ።

ቁራጭ ስታወጡ ሁለት ጊዜ ቁረጡ። መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ ብላችሁ፣ ቀጥሎ ጠጋ ብላችሁ። በአንድ ጊዜ ጠግታችሁ ከቆረጣችሁ ፕላስቲኩ ይነጣና ይቦረቦራል። የቀረችውን ጉብታ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። የምትሠሩበትን ገጽ ክፍሎች ብቻ አውጡ። ሁሉንም አንዴ ቆርጦ ሰሃን ላይ መከመር ቁጥራቸውን ያስጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደሆነ ለማወቅ ቀኑ ይመሻል።

ሻንሲው

የመጀመሪያውን ጎታቼን ስሠራ ሻንሲውን በእጄ ላይ ይዤ አጣበቅሁት። ዓይኔ ቀጥ ብሏል አለኝ። ሦስት ሳምንት ሠርቼ፣ ቀብቼ፣ ጠረጴዛ ላይ ሳቆመው አንደኛው የኋላ ጎማ አየር ላይ ቀረ። ያን ጊዜ የሚስተካከል ነገር የለም። መኪናው ሁሉ እላዩ ላይ ተሠርቶ አልቋል። ለዚህ ነው እዚህ ጋ አትቸኩሉ የምለው።

የሻንሲውን ሁለት ረጃጅም ክንዶችና አግዳሚዎቹን በመጀመሪያ ያለ ሙጫ አገናኙ። በወረቀት ፕላስተር ያዙትና መስታወቱ ላይ አስቀምጡት። አራቱን ጫፎች በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ከተንቀጠቀጠ ተጣሟል ማለት ነው። ቀጥሎ ሰያፉን ለኩ፤ ከፊት ቀኝ ጥግ እስከ ኋላ ግራ ጥግ፣ ከፊት ግራ ጥግ እስከ ኋላ ቀኝ ጥግ። ግንበኛ የቤት መሠረት ሲያወጣ በሲባጎ እንደሚለካው ማለት ነው። ሁለቱ ልክ እኩል ከሆኑ ሻንሲው ቀጥ ብሏል።

አሁን ሙጫ። ፈሳሹን ሙጫ ክፍሉ ላይ አትቀቡት። ሁለቱን ክፍሎች ገጥማችሁ ያዙና የብሩሹን ጫፍ መጋጠሚያው ላይ ንኩ። ሙጫው በራሱ ስንጥቁን ተከትሎ ሲሮጥ ታዩታላችሁ። አንድ ንክኪ ይበቃል። ይህ ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፤ ስለዚህ የጣታችሁ ጫፍ መጋጠሚያው ላይ ካለ አሻራችሁ እዚያው ይቀራል። መስኮት ክፈቱ፤ ሽታው ራስ ያዞራል። አግዳሚዎቹ ሁሉ ሲያዙ ሻንሲውን መስታወቱ ላይ መልሱ፣ ላዩ ላይ ከባድ መጽሐፍ አስተኙበት፣ እስከ ነገ አትንኩት።

የሚዛኑ እግር

ፓዮኒርን ፓዮኒር የሚያደርገው የኋላ እግሩ ነው። ስድስት ጎማ አለው፤ አራቱ ከኋላ ናቸው። ግን ከኋላ እንደ ሌላው ካሚዮን ሁለት አክስል የለውም። አንድ አክስል ብቻ ነው ያለው። በአክስሉ በሁለቱ ጫፍ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ ረጅም ክንድ አለ፤ በክንዱ ሁለት ጫፎች ደግሞ ጎማዎቹ ተሰክተዋል። ጉልበቱ በክንዱ ውስጥ ባሉ ጥርሶች እየተላለፈ ይደርሳቸዋል። የፊተኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ የኋለኛው ይወርዳል። ሁለቱም ግን መሬት ይዘው ይቀራሉ። የፊት አክስሉም መሐሉ ላይ ስለሚወዛወዝ አንዱ የፊት ጎማ ከሌላው ብዙ ሊበላለጥ ይችላል።

ሞዴላችሁ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ክንዶቹን ከመስታወቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አጣብቁ። እኔ ግን እላለሁ፣ ይህን የመሰለ እግር ያለው መኪና ጠፍጣፋ ላይ አታቁሙት። ከእንጨት ቁራጭ ላይ ትንሽ ጉብታ ሥሩ። አንዱን የፊት ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፤ ከኋላም በአንድ በኩል ያለውን ክንድ ዘንበል አድርጉት። ዓይን ወዲያው መኪናው እንደከበደ ይረዳል። የፊት ጎማዎቹንም ትንሽ ወደ ጎን አጥፏቸው።

ይህን ሁሉ ሙጫው ሳይጠነክር መፈተን ያስፈልጋል። ስድስቱን ጎማዎች ሳታጣብቁ ሰክታችሁ መኪናውን በቦታው አስቀምጡት። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በየጎማው ሥር አስገቡና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ወረቀቱ ከያዘ ጎማው መሬት ነክቷል። ያለ ምንም ችግር ሾልኮ ከወጣ ጎማው ተንጠልጥሏል። ስድስቱም ወረቀት ሲይዙ ብቻ ክንዶቹን አጥብቃችሁ አጣብቁ። ጎማዎቹን ግን ለቀለም ነቅላችሁ አስቀምጡ።

የጎማው መሐል ላይ ስፌት የመሰለ መስመር ካለ በብርጭቆ ወረቀት አጥፉት። መሬት የሚነካውን ቦታም ትንሽ ጠፍጠፍ አድርጉ፤ እውነተኛ ጎማ ክብደት ሲያርፍበት እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ሞተር፣ ጋቢና፣ ጀበናዋ

ኪታችሁ ሞተር ካለው ኮፋኖውን ከፍታችሁ ማሳየት ትፈልጋላችሁ ወይስ አትፈልጉም? ከአሁኑ ወስኑ። ከተዘጋ የሚታየው ከሥር ያለው ብቻ ነው። ካምቢዮውንና የሞተሩን ሆድ ቀብታችሁ እለፉ።

ጋቢናው ላይ ከመሪውና ከወንበሩ በስተቀር ብዙ ነገር አይታይም። መስታወቶቹን ግን መጨረሻ ላይ ግጠሟቸው፤ ሱፐር ግሉም አታስጠጉባቸው። ጭሱ ብቻ ያደበዝዛቸዋል። ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃቸዋል፤ ሲደርቅ አይታይም።

ራዲያተሩ ላይ የተቀመጠች ቁመቷ ዘለግ ያለ ዕቃ ታያላችሁ። እንግሊዞቹ ራሳቸው የቡና ማፍያ ይሏታል። እኔ ኪቱን መጀመሪያ ስከፍት ጀበና ናት ያልኩት ሳላውቅ ነው። የመኪናው መለያ እሷ ናት። ከፊት ሲያዩት መጀመሪያ ዓይን የምትገባው እሷ ስለሆነች ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበት መስመር ፈጽሞ እንዳይታይ አድርጋችሁ ሞርዱት። ክፍተት ካለ በስቱኮ ሙሉና እንደገና ሞርዱ።

ከቀጭን ነሐስ የተሠሩት ቁርጥራጮች በሱፐር ግሉ ብቻ ነው የሚያዙት። ከጠርሙሱ በቀጥታ አታፍስሱ። የዕቃ ክዳን ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና በስቴኪኒ ጫፍ እየነካችሁ ውሰዱ።

ክሬኑና ሁለቱ ገመዶች

የመጀመሪያው ኤስቪ1 ክሬኑ የሚታጠፍ ነበር። የኤስቪ2 ክንድ ግን ተንሸራታች ነው፤ ሲፈለግ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ሲጨርስ ይገባል። ክንዱ በወጣ ቁጥር የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ ከባድ ነገር አንጠልጥላችሁ ክንዱን እስከ ጫፉ አታውጡት፤ የሥራውን ሰው ዓይን ይረብሻል።

መኪናው ሁለት ገመድ አለው፤ አንዱ የክሬኑ ነው፣ ከክንዱ ጫፍ ወርዶ መንጠቆውን ይይዛል። ሌላው የዊንቹ (ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትተው መሣሪያ) ነው፣ ከኋላ ወጥቶ መሬት ለመሬት ይጎትታል። አታምታቷቸው። ገመድ ከመግጠማችሁ በፊት ሙሉ መንገዱን በጣታችሁ ተከተሉት፤ ገመዱ ከሚጠመጠምበት ከበሮ ተነስቶ በየትኛው ፑሌ (ገመድ በሚዞርባት ትንሽ ጎማ) ዞሮ የት እንደሚወጣ። ብረት ነክቶ የሚታጠፍ ገመድ በእውነተኛው ዓለም ይበጠሳል።

በኪቱ ውስጥ የሚመጣውን የስፌት ክር እኔ አልወደውም። ፀጉር ያወጣል፣ ክብደትም የለውም። ገመዱን ራሳችሁ ሥሩት። ውስጡ ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦ ያለበት ተጣጣፊ የኤሌክትሪክ ገመድ ውሰዱና ላጡት። ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሦስት ወይም አራት ሽቦዎች መሐል ላይ እጠፏቸው። የታጠፈውን ጫፍ ሚስማር ላይ አጥልቁ፣ ሌላውን ጫፍ መሰርሰሪያ አፍ ውስጥ አስሩ። ወጠር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሽቦዎቹ እየተቃቀፉ እውነተኛ የብረት ገመድ ይመስላሉ።

ውፍረቱን ለማወቅ እርሳስ ላይ አሥር ዙር አጠጋግታችሁ ጠምጥሙትና ስፋቱን በማስመሪያ ለኩ። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እውነተኛ ገመድ በ1፡35 ሲቀየር 0.6 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ስለዚህ አሥሩ ዙር 6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከበለጠ አንድ ሽቦ ቀንሱ።

የተገመደውን ሽቦ በሻማ ነበልባል ላይ ቶሎ ቶሎ አሳልፉት። መዳብ ሲግል ይለሰልሳል፣ እንደፈለጋችሁ ይተኛል። ሲበርድ ጥቁር ግራጫ ቀቡና የእርሳስ ዱቄት በጣታችሁ አሹበት፤ የብረቱ ብልጭታ ይወጣል። ከበሮው ላይ ስትጠመጥሙ ዙሮቹ ጎን ለጎን ይተኙ፤ አይደራረቡ።

አሁን ዋናው። ትንሽ የፕላስቲክ መንጠቆ በራሷ ክብደት ገመድ መወጠር አትችልም። ስለዚህ የክሬኑን ክንድ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ውጭ አድርጋችሁ አስሩት። ከመንጠቆው ላይ ከባድ ዳዶ በክር አንጠልጥሉ። ገመዱ ቀጥ ብሎ ሲወርድ በከበሮው፣ በላይኛው ፑሌና በመንጠቆው ላይ አንዳንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ንኩ። እስከ ጠዋት ተዉት። ዳዶውን ስትቆርጡ ገመዱ እንደተወጠረ ይቀራል። ይህን ጠዋት ስጠብቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቀለም

ቀለሙ እንደ ዓመቱና እንደ ቦታው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1940 ፈረንሳይ የቆመ መኪና ካኪ አረንጓዴ ነው። የእንግሊዝ ጦር በዚያው ዓመት ከፈረንሳዩ ደንከርክ ወደብ ከሸሸ በኋላ ብዙ ስካመል እዚያው ቀርቶ ጀርመኖች እጅ ገብቷል። በሰሜን አፍሪካ በረሃ የነበረው ፈዛዛ አሸዋማ ቢጫ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ኤስሲሲ 2 የሚባል ቡናማ መጣ፤ ከ1944 ጀምሮ ደግሞ ኤስሲሲ 15 የሚባል የወይራ አረንጓዴ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ለግል ጋራዦች ተሸጠው ሲቪል ጎታች ሆነዋል። ስለዚህ ወታደራዊ ነገር የማይወድ ሰው የሲቪል ጋራዥ መኪና አድርጎ ቢቀባው ከታሪክ አይወጣም።

መጀመሪያ ግራጫ ፕራይመር (የመሠረት ቀለም) ይቀባ። ያመለጣችሁ ጭረትና ክፍተት ሁሉ እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ አሁኑኑ አስተካክሉት። ዋናውን ቀለም ከቆርቆሮው ቀለም ትንሽ አንጣችሁ ቀቡ፤ ትንሽ ዕቃ ላይ ቀለም ከእውነተኛው ይልቅ ይጠቁራል። በስሱ ሦስት ጊዜ፣ እያደረቃችሁ። ኤርብረሽ (ቀለም በአየር የሚረጭ መሣሪያ) ከሌላችሁ ሰፊና ለስላሳ ብሩሽ ይሠራል፤ ቀለሙን ቀጠን ማድረግ ነው ቁም ነገሩ።

ተለጣፊ ምልክቶቹ ለስላሳና አንጸባራቂ ቫርኒሽ ላይ ይለጠፉ። ሸካራ ላይ ከተለጠፉ ከሥራቸው አየር ይዘው ይነጣሉ።

ቆሻሻው የት ነው?

ጎታች መኪና ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ግን ቆሻሻው ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ጋራዥ ሄዳችሁ አንድ አሮጌ ክሬን ተመልከቱ። ግራሶ ያለው ጥርሶቹና ከበሮው ላይ ነው። ቀለም የተላጠው እግር የሚረግጥበት ደረጃና እጅ የሚይዘው ብረት ላይ ነው። ነዳጅ የፈሰሰው ከታንከሩ አፍ ሥር ነው። ጭቃው ፓራፋንጎ ውስጥና ሻንሲው ላይ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው አቧራ ብቻ ነው።

ግራሶውን በጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለምና በትንሽ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀላቅላችሁ በቀጭን ብሩሽ ነካ ነካ አድርጉ። የተላጠውን ለመሥራት ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ትንሽ ቅዳጅ ውሰዱ፤ ጥቁር ቡናማ ቀለም ንከሩና ወረቀት ላይ አብዛኛውን አስለቅቁ፤ ከዚያ ጠርዞቹን ብቻ ነካ ነካ። አቧራውን የት አገር እንደቆመ አስባችሁ ምረጡ። የሊቢያ በረሃ አቧራ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ የአውሮፓ ክረምት ጭቃ ጥቁር ቡናማ።

ሲጫን

ጎማዎቹን፣ ጋቢናውን፣ የኋላ አካሉንና ክሬኑን አሁን ሻንሲው ላይ ግጠሙ። ከመንጠቆው ሥር የተሰበረ የካሚዮን ፊት ወይም ሞተር ብታንጠለጥሉ የጭነቱ ሰንሰለት ከአሮጌ የአንገት ሐብል ሊወጣ ይችላል። የተንጠለጠለው ነገር በቀጥታ ወደ ታች ይውረድ፤ ወደ ጎን ያዘነበለ ጭነት የቆመ አይመስልም።

በእውነተኛው መኪና ከባድ ነገር ከኋላ ሲንጠለጠል አፍንጫው እንዳይነሳ ከፊት ክብደት ይጫንበት ነበር። ኪታችሁ ይህ ክፍል ካለው እንዳትረሱት። ከሌለው የፊት ጎማ ላይ ያለውን ክብደት ቀለል እንዳለ አሳዩ፤ የፊቱን ጎማ ጠፍጠፍ አታድርጉት፣ የኋላዎቹን ግን ትንሽ ጨምሩ።

በመጨረሻ አራት ማዕዘን እንጨት በ7 ሚሊ ሜትር ርዝመት ቁረጡና በሰያፍ ሰንጥቁት፤ ሁለት ታኮ ይወጣዋል። በጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም አጥቁሩትና ክሬኑ በሚሠራበት አቅጣጫ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር በደንብ ወሽቁት። ጎማውን እስኪነካ ግፉት።